ጊዜው ያለፈበት መቶ ብር

ሳቂታዋ እህቴ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ዶላሩን የሰፋሁት በሟቹ ባለቤቴ ካፖርት ገበር ውስጥ ነበር። ምንዛሪው መስኮት ፊት ቆሜ ስፌቱን በጥርሴ ስተረትር ልጄ፣ «ኧረ እማዬ፣ ሰው እያየን ነው!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኛ አገር ቢሆን ወረፋው ሁሉ ይመክረኝ ነበር፤ እዚህ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ከዶላሩ በፊት ምን ዱብ ቢል ጥሩ ነው? በቀዳዳ ኪሱ የሾለከ መቶ ብር! ያ ከሃያ ዓመት በፊት አንቺን የጠረጠርኩበት፣ በመጣሽ ቁጥር ቁም ሣጥኔን የቆለፍኩበት። መንዛሪዋ አገላብጣ አይታ፣ «ጊዜው አልፎበታል» አለች።

ይቅርታዬስ አልፎበት ይሆን? የቤቱን ቁልፍ ስሰጥሽ የቁም ሣጥኑን ደብቄ ነው የመጣሁት። ከመጽሐፎቼ ኋላ አለልሽ፤ ውሰጂው። ቦታ ጠበበኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።