ላበላሸው ብዬ የጀመርሁት ክዳን

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ፣ እታለም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጅሽስ ቆመ ወይስ ገና ይድሃል? የሰንበቴ ከተማ ሙቀት አልተስማማሽም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አላህ ያቅልልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባን ሳሉ ለቆታል፤ ላሚቱም ወልዳለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ረቢአ ናት። ማንበብ ስለማትችል ነው ለእሷ የሰጠሁት። አንቺም ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አማትሽ እኛ ቤት እንደመጡ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ስለ ዝናብና ስለ ከብት ብዙ ካወሩ በኋላ፣ የሌማታችንን ክዳን ፍየል በላብን፣ ልጅቱ አንድ ትስፋልን፣ በሃያ ቀን መጥተን እንወስዳለን አሉ። ክዳን ቸግሯቸው እንዳልሆነ እማም እኔም ገብቶናል። ለባልሽ ወንድም ለሙሐመድዘይን ሊያጩኝ፣ እጄን ሊያዩ ነው። የአንቺንም ያዩት እንዲሁ ነበር። ያን ጊዜ ያዩት ሰፌድ የማን እጅ እንደሆነ እኔ፣ አንቺና እማ እናውቃለን። ሙሽራ ሆነሽ ስትሄጂ የያዝሻቸው ሰባቱ ስፌቶችም የኔ ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልወቅስሽ አይደለም፤ ስሰፋቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የቤቱ ሥራ እኔ ላይ ስለወደቀ ትምህርቴን ከሰባተኛ አቋረጥሁ። አባ ግን በመስከረም ስምንተኛ ትገቢያለሽ ብሎኝ ነበር። ደብተር ሳይቀር ገዝቻለሁ፤ ይህም ወረቀት ከእሱ የተቀደደ ነው። ስለዚህ ክዳኑን አስቀያሚ አድርጌ ልሰፋው ወሰንሁ። አይተውት ዝም ብለው ይሄዳሉ ብዬ።

እታለም፣ አስቀያሚ ነገር መሥራት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። አላልቼ ልስፋው አልሁ፤ የላላውን ዙር ባየሁት ቁጥር ጥርሴን የሚያመኝ ይመስለኝ ስለነበር ፈታሁት። እንግዲያው ቀለሙን ላበላሸው አልሁ። ሰው ሁሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያለ በተራ ያዞራል። እኔ ሐምራዊውን ከብርቱካንማው አጠገብ ወሸቅሁት። መስመሩንም መሀል ላይ ቆርጬ ሦስት ጣት ያህል ዘልዬ ቀጠልሁት። እማ አይታ፣ «ምነው ልጄ፣ ዓይንሽን አመመሽ?» አለችኝ። ደስ አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ በራፍ ላይ የተውሁትን ክዳን ከሩቅ አየሁት። ዝናብ ሊመጣ ሲል በጨፋ ሜዳ ላይ ፀሐይና ጥላ ሲሯሯጡ ታስታውሺያለሽ? የተቆረጠው መስመር እንደዚያ ይሄዳል። የኔ ሥራ አልመስል አለኝ። ጀሪካኑን ከጀርባዬ ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ላበላሸው አልሰፋሁም። መጨረሻውን ማየት ፈለግሁ፤ አማትሽንም፣ መስከረምንም ረሳሁ። ሲያልቅ ለመምጫቸው ሁለት ቀን ይቀር ነበር። ሁለት ጊዜ እሳት ልጨምረው ምድጃው ድረስ ወስጄ መልሼዋለሁ።

አማትሽ መጥተው ክዳኑን ተቀበሉኝ። አገላበጡት። የተቆረጠውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ «ሐርከ ኬ ረቢ ሃ ኤቢሱ»፣ እጅሽን አላህ ይባርከው ብለው ሁለት እጄን ይዘው መረቁኝ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም። እጄን ሳይለቁ ወደ አባ ዞረው፣ «ከመውሊድ በኋላ እንወስዳታለን» አሉ። አባም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቆንጆ ነገር ለማን ነው ቆንጆ የሚሆነው? ለሠራው ነው ወይስ ለሚወስደው? እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሲወጡ ደጃፍ ላይ ለእማ፣ «ታላቋማ ከመጣች ጀምሮ እጇን ያማታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰፌድ አልሰፋችልኝም። እህቴን አምጡልኝ ብላ ያለቀሰችው እሷው ናት» አሏት። እማ መሬት መሬት አየች። እኔ ዘንድ አንዲት ቃል ነበረች፤ የእሷንም የሰፋሁት እኔ ነኝ የምትል። ብናገራት እኔ እቀራለሁ፤ አንቺ ግን ልጅሽን ትተሽ ትመለሻለሽ። ዋጥኋት። ያስለቀሰሽ ናፍቆቴ ነው ብዬ ይዣለሁ፤ አንቺም ሌላ እንዳትነግሪኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላኪብኝ። እኔ የምገባበት ቤት መስኮት አለው? በጨለማ ሐምራዊና ጥቁር አይለዩም። መስኮት ከሌለው በራፉ ላይ ተቀምጬ እንድሰፋ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ አማትሽን ጠይቂልኝ። አንቺም አጠገቤ ትቀመጫለሽ፤ ሰው ሲመጣ ወስፌውን አቀብልሻለሁ።

አላህ ትዳርሽን ያሰንብትልሽ፤ ልጅሽንም ለወግ ያብቃልሽ። አሚን።

ታናሽ እህትሽ