ያልጮኸው ናሙና

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃውን ይወጣልሻል ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ሳልሽ ለቀቀሽ? አባዬ መነጽሩን አገኘ ወይስ ዛሬም የአንቺን ተውሶ ነው የሚያነበው? እኔ ደህና ነኝ። ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ቢሆን ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ልጄ፣ ቻይው፤ በደሉን ለፈጣሪ ስጪው» ብለሽኛል። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ አልሰማሁሽም። ለምን እንዳልሰማሁሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ለጎረቤት «ልጄ ባትሪ ትሠራለች» ትያለሽ አሉ። ባትሪ እንኳ አልሠራም። ባትሪ ውስጥ በፈሳሽ ፋንታ የሚገባ፣ እንደ ስስ ላስቲክ የሚለጠጥ ፕላስቲክ አለ፤ ሊቲየም በዚያ ውስጥ እየተሹለከለከ ነው ባትሪው የሚሠራው። እኔ ፕላስቲኩን ቆራርጬ እንደ እርሳስ የቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እጨምርና ጫፉን በእሳት አሽጌ፣ ከቁመቴ በሚበልጥ ማግኔት ውስጥ አወርደዋለሁ። በሬዲዮ ሞገድ ሲነካ ሊቲየሙ ይመልሳል፤ ከመልሱም ምን ያህል እንደሚፈጥን እናውቃለን። ታዲያ ፕላስቲኩ ጥቂት እርጥበት ከያዘ ሊቲየሙ ያለ ልኩ ይሮጣል። ቁጥሩ ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። እርጥብ እህል ሚዛን እንደሚደፋው ማለት ነው።

አንቺ ደረቁን ከእርጥቡ ለመለየት በእህል መጋዘኑ በር ተቀምጠሽ ከየጆንያው አንዲት ፍሬ በጥርስሽ ስትሰብሪ፣ ቀጭ ካለ «ጮኸ፣ ይግባ»፣ ካላለ «አልጮኸም፣ ይመለስ» ስትዪ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ናሙናዎች ስለካ ሊቲየሙ እንደ ፈረስ ጋለበ። ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። በማግስቱ ማሽኑ ሊቲየሙን ትቶ ሃይድሮጅኑን እንዲያዳምጥ ባደርገው፣ ከፕላስቲኩ ምልክት አጠገብ ውሃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፕላስቲኩን የማደርቅበት ምድጃ ክዳን እርጥብ አየር ያስገባ ነበር። በመዝገቤ ዳር «አልጮኸም» ብዬ ጻፍኩና ክዳኑን አስጠግኜ ሌላ ስድስት ማዘጋጀት ጀመርኩ።

በዚህ መሃል የጠረጴዛ ጎረቤቴ መዝገቤን ገልብጦ ለፕሮፌሰራችን ሰጠ። ከራሱ በፊት ሽታው ስለሚገባ ሽቶ እንለዋለን፤ የፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ነው። ጽሑፉ ሲታተም የሁለቱ ስም አለ፣ የእኔ የለም። ገብቼ ስጠይቃቸው ፕሮፌሰሩ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አንቺ እኮ ቱቦ ሞይ ነሽ። ቱቦ የሞላ ሁሉ ደራሲ ከሆነማ ቱቦ ያጠበችውም ትግባ» አሉኝ። ሽቶ ሳቀ።

ወጥቼ ሰንጠረዡን አየሁት። እማዬ፣ የወሰዱት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ነው። ቁጥሩን እስከ ነጥቡ ገልብጠው በዳሩ የጻፍኳትን፣ ያልገባቻቸውን አንዲት ቃል ትተዋታል።

ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። አምስት ሳምንት ሙሉ እንደምን አደራችሁ እያልኩ፣ በር እየከፈትኩላቸው ጠበቅሁ። ማሽኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ ቴክኒሻን ብቻ ጠረጠሩና፣ ዝምታዬ እንዳላማራቸው፣ ጥርሴን እንደ ነከስኩ ነገሩኝ። ጥርሱ የእናቴ ነው አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፕሮፌሰሩ ውጤቱን በአዳራሽ አቀረቡ፤ የጥናት ኮሚቴው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ።

«የእነዚህን ናሙናዎች የሃይድሮጅን ምልክት ቢያሳዩን» አልኩ።

እሳቸው ወደ ሽቶ አዩ፤ ሽቶ ወደ ጫማው። አልለኩትማ። ስድስቱ ቱቦዎች ግን እንደታሸጉ፣ ከነቁጥራቸው መደርደሪያው ላይ ነበሩና የኮሚቴው ሰብሳቢ አሁኑኑ ይለካ አለች። ሽማግሌው አንዱን ወደ ማግኔቱ አወረዱት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው በአዳራሹ ስክሪን ላይ ወጣ፤ የፕሮፌሰሩ ግንባርም አብሮ ረጠበ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከስብሰባው በኋላ ሽቶ እህቴ እያለ መጣ። ክዳኑ ከተጠገነ በኋላ የለካኋቸውን ደረቆቹን ስድስት ብሰጣቸው ስሜን መጀመሪያ ላይ ሊያስገቡት ነው። «ቱቦ ሞይ ውጤት የላትም» አልኩት።

ትናንት ኮሚቴው ከነመዝገቤ ጠርቶኝ በዳሩ ስላለችው ስለዚያች ቃል ጠየቀኝ። ስለ ጥርስሽ ነገርኳቸው። የመጋዘኑ ሹም አልጮኸም ያልሽውን እህል በግድ አስገብቶ ሲበሰብስበት አንቺን እንዳባረረሽ፣ አንቺም ትንፍሽ ሳትዪ ወደ ቤት እንደመጣሽ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሰብሳቢዋ ቃልሽን ከነትርጉሟ በቃለ ጉባኤ አስጻፈቻት። ጽሑፉ ተሰርዟል። እኔ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ፕሮፌሰር ካልተቀበለኝ ትምህርቴ ያበቃል። ሁለቱ እምቢ ብለዋል፤ አንዱማ «ነገ በእኔም ላይ እጅሽን ታወጪያለሽ» አሉኝ። ናሙናዎ ደረቅ ከሆነ ምን አስፈራዎት አልኳቸው። ነገ ሦስተኛውን በር አንኳኳለሁ፤ ደረቆቹ ስድስት በእጄ ናቸው።

ስለዚህ ይቅር በይ አትበዪኝ። አንቺ የተውሽለት ሹም ዛሬም ከዚያው ወንበር ላይ ነው። እኔ የወረስኩት ጥርስሽን እንጂ ዝምታሽን አይደለም።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ መነጽር እልክለታለሁ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ከነዚያ ሁለት ረባሾች ሰላም በዪልኝ። አክስቴን ነገሩን ለመንደሩ ሁሉ እንድታወራ ፈቅጄላታለሁ በያት፤ ባልፈቅድም ታወራዋለች። አንቺ ደግሞ በመጋዘኑ በር ስታልፊ መንገድ አትቀይሪ። ከተዘረጋው ጆንያ አንዲት ፍሬ አንስተሽ ስበሪ፤ ካልጮኸ፣ ሹሙ እስኪሰማ ድረስ አልጮኸም በዪ።

ልጅሽ

ከማግኔቱ ክፍል፣ ምድር ቤት
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን