ጠማማዋ አምስት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካልሲህን የምታጠልቀው ተጋድመህ ነው? ባለቤትህስ? ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትልቁን በፎቶ ሳየው ቁመቱ አስደነገጠኝ፤ እንዲህ እንደ ሸንበቆ የሚመዘዘው ምን ብታበሉት ነው? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ደህና ናት ስልህ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እኔን ትቆጣለች ማለቴ ነው። እሷ መቆጣት ያቆመች ዕለት ነው የምንሰጋው፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። አባባ በተቀበሩ በሳምንቱ ደውለህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኸኝ፤ ስሜን አነሱ ወይ አልከኝ። እኔም መስመሩ ይቆራረጣል፣ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር፤ ጥርት ብለህ ትሰማኝ ነበር። የምመልስልህ ባጣ ነው የዋሸሁህ። አላነሱም ብዬ አንጀትህን ልቁረጠው? አነሱ ብዬ በሙት ላይ ልዋሽ? ሦስት ወር ሙሉ ያ ጥያቄ ሲከነክነኝ ከረመ። አሁን መልስ አለኝ፤ ግን ከነፎቶው መድረስ ስላለበት በደብዳቤ አደረግሁት። ታግሠህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ፤ አንተ መቼም ከመጨረሻው መጀመር ትወዳለህ።

ነገሩ የጀመረው አባባ ከመሞታቸው ከስምንት ወር በፊት ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የአውራ ጎዳናዎቹን ቁጥር በሙሉ ቀየረና የኛ መስመር 5 ከእንግዲህ መስመር 42 ነው ተባለ። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት በብሩሽ ሲጽፏቸው የኖሩት ሰሌዳዎች ከየምሰሶው እየተነቀሉ፣ በምትካቸው ፋብሪካ ያተማቸው፣ የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው የሚያብረቀርቁ አዳዲሶቹ ተተከሉ። አባባ ያኔ አልጋ ይዘዋል። ስነግራቸው፣ ብረት ነው፣ ይሂድ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ግን አላስቻለኝም። የመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ፤ ቁልፉን ሁሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ እያንሿሿ ስለሚሄድ ሻኩራ ይሉታል። እሱም ደግ ሰው ነው፤ አባትሽ የጻፉትን መዝግበሽ ውሰጂ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ግን ለአሮጌ ብረት ገዢው ተዪው፣ እኔም የምጠየቅበት አለቃ አለኝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬ ይህ ሆነ። ባለቤቴ በጭነት መኪናው እያጉረመረመ ያደርሰኛል፤ ሰው ሚስቱን ይዞ ሽርሽር ይሄዳል፣ እኔ ሚስቴን ይዤ ብረት ለቀማ ይላል። ያጉረምርም እንጂ ቡሎኑን የሚፈታው እሱ ነው። እኔ አንድ ትልቅ መዝገብ ገዝቼ አሰመርኩ፤ ተራ ቁጥር፣ የቆመበት ቦታ፣ በስተቀኝ ወይስ በስተግራ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ጉዳቱ፣ በመጨረሻም «የማን እጅ»። ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፌ ፊቱን ፎቶ አነሳለሁ፣ ሜትር ዘርግቼ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። አንዱ መኪና ገጭቶት ታጥፏል፤ አንዱን ዝገት ሲሶውን በልቶታል፤ አንዱ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነበር፣ እሱን ባለቤቴ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አልነቅልም ብሎ ሦስት ሳምንት አስጠበቀኝ።

«የማን እጅ» የሚለውን ስሞላ ለሰከንድ እንኳ አላመነታም ነበር። የአባባን አምስት ማን ይስታታል? ባርኔጣዋ ቀጥ ያለች፣ አንገቷ አጭር፣ ሆዷ ሞልቶ ክብ ያለ፣ ጭራዋ ወደ ላይ ቀና ብላ የምትቆም። ልጆች ሆነን በእንጨት አፈር ላይ እንድንጽፋት ያስተማሩን እሷኑ አይደል? አንተማ ከኔ ይልቅ ትችልባት ነበር፤ ለዚህም ነው ብሩሹን እንድትወርስላቸው የፈለጉት፣ ለዚህም ነው እሄዳለሁ ስትል እንዲያ የከፋቸው።

ማታ ማታ የዕለቱን ፎቶዎች አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ አሳያቸዋለሁ። ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ቀለሙ ቀጥኖብኛል፣ ይህንን ዝናብ እያባረረኝ ነው የጻፍኩት ይሉኛል። በሕይወታቸው እንደዚያ ብዙ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ አባባ እጅ እንጂ አፍ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ተራ ቁጥር 38ን አሳየኋቸው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው መውጫ በስተቀኝ የነበረው ነው። አምስቷ ጠማማ ናት፤ ሆዷ ተንጋዶ ወደ ጎን ፈሷል። እየሳቅሁ፣ ይቺን ደግሞ የትኛው ሰካራም ነው የጻፋት አልኳቸው። አባባ አልሳቁም። ፎቶውን ተቀብለውኝ ብዙ አዩት። ከዚያም፣ ያን ዕለት እጁ የታመመ ሰው ነው አሉና መለሱልኝ። እኔም የሥራ ባልደረባቸውን ገመና መሸፈናቸው ነው ብዬ፣ መዝገቡ ላይ «የአባባ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳውም ከሌሎቹ ጋር ወደ አሮጌ ብረት ሄደ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስጽፍልህ እጄን ቢቆርጡት ደስ ይለኛል።

አባባ ካረፉ በኋላ እስከዚያ የሰበሰብኩት አርባ አንድ ሰሌዳ ጓዳው ውስጥ ተደርድሮ ቀረ። እማዬ ባየችው ቁጥር ስለምታለቅስ ወደ ጓሮው ላወጣው ወሰንኩ። የመጀመሪያውን ሳነሳው ከጀርባው የደረቀ ጭቃና አቧራ ተራገፈ፤ ከሥሩ ጽሕፈት አየሁ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ? ያን ሁሉ ቅዳሜ ፊት ፊቱን ስለካና ፎቶ ሳነሳ አንዱንም ገልብጬ አላየሁትም ነበር፤ መዝገቤም ለጀርባ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም። ሻኩራን ብጠይቀው፣ የድሮዎቹ ጻፊዎች ቀለሙ መቼ መታደስ እንዳለበት ለማወቅ ከሰሌዳው ጀርባ ቀኑንና ስንት ጊዜ እንደተቀባ ይጽፉ ነበር አለኝ። አባባ ግን ከቀኑ ሥር አንዲት መስመር ይጨምሩ ነበር፣ የቤታችንን ወሬ።

በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ አርባ አንዱንም አነበብኳቸው። «ሁለት ጊዜ ተቀባ። ሴቷ ጥርስ አወጣች።» «ሦስት ጊዜ ተቀባ። እናታቸው ከሐኪም ቤት ወጣች፤ ተመስገን።» «ቢጫው አንሷል። ወንዱ አንደኛ ወጣ፤ ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።» ይህ ያንተ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ። ለማንም አልተናገርኩም ያሉትን ለመኪና ሁሉ ምሰሶ ላይ ሰቅለውት ኖረዋል፤ ጀርባውን የሚያይ ስለሌለ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ትንሿ ልጄ፣ አፈ ጉባኤ የምንላት፣ እንኳ ጥያቄዋን አቁማ ጨርቁን ትጨምቅልኝ ጀመር።

ከዚያ ያንተን ቀን መፈለግ ጀመርኩ። ጥቅምት 17። ያን ጠዋት አባባ የምትሄድ ከሆነ ሂድ፣ እኔ ሥራ አለብኝ ብለው ቦርሳቸውን አንግበው እንደወጡ፣ አንተም አውቶቡሱ ውስጥ ሆነህ ይመጣሉ እያልክ በሩን በሩን ስታይ እንደቆየህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነግረኸኛል። ከኔ ይልቅ ሰሌዳው በለጠባቸው ትል ነበር። አርባ አንዱን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ፤ ያ ቀን የለም። እማዬን ያን ዕለት ሥራቸው የት ነበር ብላት፣ መናኸሪያው መውጫ መሰላል ላይ ሆነው የደበዘዘ ሰሌዳ ሲያድሱ ነበር አለች። እጃቸውን ሦስቴ ታጥበው ሳይበሉ ተኙ፣ እኔ ንዴት መስሎኝ ነበር አለችኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። መናኸሪያው መውጫ፣ በስተቀኝ። ተራ ቁጥር 38።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ወደ አሮጌ ብረት ገዢው ሮጥኩ። እሱ ለበያጅ ሰጥቶታል። በያጁም ቆርጦ ከአንዲት መበለት ቤት የግቢ በር ላይ ላሜራ አድርጎ በይዶታል። ሴትዮዋ አስገቡኝ። የሰሌዳው ጀርባ ወደ መንገዱ ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ፈቅደውልኝ ጥጉን በሳንቲም ስፍቅ «ጥቅምት 17» ወጣ፤ ቀጥሎ ያለው ግን ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይላጥ ጀመር። እጄን ሰበሰብኩ። ተመልሼ በያጁን፣ ከመቀባትህ በፊት ያነበብከው ነገር ነበር ወይ ብዬ ለመንኩት። ሰውየው ሳቅ አለና፣ እንዴት ይረሳኛል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ የመንገድ ምልክት በዕድሜዬ አላየሁም፣ ለሠራተኞቹ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ስቀናል አለኝ። እንዲህ ይላል አለ፤ «አንድ ጊዜ ተቀባ። አውቶቡሱ አለፈ። እጄ አልታዘዘኝም። መንገደኛ ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ቤት ተመለስኩ፤ በሩን ከፍተው ከውስጥ በኩል የሰሌዳውን ፊት አሳዩኝ። አምስቷ አልተቆረጠችም። ፎቶዋን እዚህ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ መነጽርህን አድርግና በደንብ እያት። ባርኔጣዋ ቀጥ ያለች ናት። አንገቷም የአባባ አንገት ነው፣ ምንም እንከን የለባትም። የምትጣመመው ሆዷ ላይ ስትደርስ ነው። አውቶቡስህ ያለፈው እዚያ ላይ ነው። አንተ በሩን በሩን ታያለህ፣ እሳቸው ካንተ መስኮት አሥር እርምጃ እንኳ በማይርቅ መሰላል ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

ደግሞ አስብበት፤ ፀጉር ለምታህል ስሕተት ሰሌዳውን ሙሉ በቲነር ጠርገው እንደገና የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ቀለሙ እርጥብ ነበር፣ ጨርቁም ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አልጠረጉትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ እያያት እንድትቆም ተዉአት።

ስሜን አነሱ ወይ ላልከኝ፣ አላነሱም፣ እውነቱ ይህ ነው። ፎቶውን አይተው እጁ የታመመ ሰው ነው ሲሉኝ ግን ስላንተ እየነገሩኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ማወቄ ያንገበግበኛል። አንተም እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁ፤ ብቻህን ሆነህ አታልቅስ፣ ባለቤትህን ጥራት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን መዝገቡን አስለቅቄዋለሁ። በተራ ቁጥር 38 አንጻር ያለውን ሰርዤ በቀይ «የአባባ እጅ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ሴትዮዋ በሩን በለወጡ ቀን ሰሌዳውን ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል፤ እስከዚያው በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንኳኩቼ አያታለሁ፣ ሴትዮዋም ለመዱኝ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ ይሰር በይልኝ ብላለች። ፎቶዋን ትራሷ ሥር ነው ያኖረችው፣ ላንተ የላክሁት ሌላ ቅጂ ነው። ባለቤቴ በርታ ይልሃል፤ ቡሎን የሚፈታ ረዳት ከፈለግህ አለሁ ብሎሃል። አፈ ጉባኤ አጎቴ የሚኖርበት መንገድ ቁጥሩ ስንት ነው ስትል እያደረቀችኝ ነው፤ እባክህ ጻፍላት። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትንንሾቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለትልቁ ደግሞ ወረቀት ስጠውና አምስትን አስተምረው፤ ባርኔጣዋ ቀጥ፣ አንገቷ አጭር፣ ሆዷ ሙሉ። ሆዷ ላይ ሲደርስ እጁ ቢንቀጠቀጥ አትቆጣው።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን