የአጥንት አብቃይዋ እናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በየካቲት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ያደጉት ሁለት ክፍል ባላት ቤት፣ የስፌት መኪና ድምፅ እየሰሙ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ መፈታታት ይወዱ ስለነበር፣ ሴት አያታችን ከቤት ሲወጡ የስፌት መኪናውን ቆልፈውባቸው ነበር የሚሄዱት።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። አባታችን፣ "ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ አጥንት ታበቅላለች እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ የለም" ይሉ ነበር።

ነገሩ ግን እውነት ነው። እናታችን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰው በአደጋ ወይም በበሽታ ያጣውን አጥንት መልሶ እንዴት እንደሚያበቅል በሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ነገር ከስኳር ጋር ለውሰው ያደርቁታል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ስኳሩ ይወጣና እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድጋፍ ይቀራል። በዚያ ላይ ከታማሚው ከራሱ መቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳትን ይዘሩበታል። ለሙከራ የሚሆን ስኳር ሲያልቅባቸው ከሻይ ክፍሉ እየወሰዱ ስላስቸገሩ፣ ባልደረቦቻቸው "የስኳር ሌባዋ" የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ዛሬም ድረስ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ አሉ፤ ያስለመዷቸው እሳቸው ናቸው።

በ1996 ዓ.ም. ፖስተኛው ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎታችን፣ በሞተር ብስክሌት አደጋ ከግራ ቅልጥማቸው ሰፊ የአጥንት ቁራጭ አጡ። ሐኪሞች እግሩ መቆረጥ አለበት አሉ። የእነ እናታችን ሥራ በበጎች ላይ ተሳክቶ በሰው ላይ ገና መሞከር መጀመሩ ነበር። ሆስፒታሉ ፈቀደና ሕዋስ የተዘራበት ድጋፍ አጥንቱ በጎደለበት ቦታ ተተከለ፤ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አጥንት ካልታየ እግሩን እንደሚቆርጡ ቁርጡን ነገሯቸው።

ዓመቱ ሲጋመስ የተነሳው ራጅ ዳር ዳሩ ብቻ ነጣ ብሎ መሃሉ ጥቁር ነበር፤ አጥንት አልያዘም። እናታችን እህል ውሃ አልቀምስ ብለው የሠሩትን ደጋግመው ቢመረምሩ ስህተት አጡበት። በመጨረሻ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። አጎታችን እግራቸውን ሁለት ትራስ ላይ አስተኝተው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በክራንች ተደግፈው ቀስ በቀስ እንዲረግጡበት አዘዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልረገጡም።

"እትዬ፣ የለፋሽበትን እንዳልሰብርብሽ ፈርቼ ነው" አሉ።

"ሕፃን ነው እንዴ እሹሩሩ የምትለው?" አሉ እናታችን። "አጥንት ሸክም ካልተሰማው አይጠነክርም። ተነስ፣ እርገጥ!"

አጎታችን ግድግዳ ይዘው፣ "ከተሰበረ ጣጣው ያንቺ ነው!" እያሉ ረገጡ። ከዚያ ወዲያ እናታችን ከሥራ ሲወጡ በዚያ በኩል ዞረው ሳያስረግጧቸው ቤታቸው አይገቡም ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በተነሳው ራጅ ላይ፣ መሃሉ ደመና የመሰለ ነጭ ነገር ይዞ ታየ። ሐኪሙ መቁረጡን ተዉት። አጎታችንም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደብዳቤ አደሉ።

እናታችንን ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው ግን ከዓመታት በኋላ የተነሳው ራጅ ነው። እሳቸው የሠሩት ድጋፍ ሟሙቶ ጠፍቶ፣ የቀረው የወንድማቸው የገዛ አጥንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። "ሥራዬን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ተሳክቶልኛል ማለት ነው" ብለው ሳቁ።

እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ነርሶቹን እያሳቁ ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከመካከላችን ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ዛሬ ይሸኟቸዋል። አጎታችን፣ "እህቴን በእግሬ ነው የምሸኛት" ስላሉ፣ እባካችሁ መኪና ይግቡ ብላችሁ አትለምኗቸው።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎች ጋር ያኑርልን።