የዘይት እርሾ

ለሪሀና አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ አይከለከልምና ሰላም ብዬሃለሁ። እናትህ ደህና ናቸው፤ ጁምዓ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። የተፋታሁት ካንተ ነው እንጂ ከሳቸው አይደለም።

በሾፌሩ በሙሀዲን የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ረመዳን ሲገባ ሪሀናን ወደ ሰንበቴ ከተማ ስደጅልኝ፣ ለምሸጠው ሳምቡሳ የሚጠቀልልልኝ አጣሁ ብለሃል። አልሰድም። ሁለተኛም እንዳትጠይቀኝ።

ልጅህ አምና ካንተ ዘንድ ምን ሆና እንደተመለሰች ታውቃለህ? የበላችው አይረጋላትም፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ኋላም ደም መጣ። ደሴ ወስጄ አንጀቷን በካሜራ አዩዋት። ሐኪሙ የአንጀቷ የውስጥ ሽፋን ተልጧል አለኝ። ምን ትበላለች ብሎ ሲጠይቀኝ እሷው መለሰችለት። አባባ ዘይት መድፋት ኒዕማን፣ የአላህን ጸጋ፣ መርገጥ ነው ይላል፣ የትናንቱን እንደ እርሾ አስቀምጦ አዲሱን ይጨምርበታል፣ ሳምቡሳው ቶሎ ይቀላለታል አለችው። ሐኪሙም፣ ዘይት እየተመላለሰ ሲጠበስበት ብረት እንደሚዝግ ሁሉ ይበላሻል፣ እሱን አዘውትሮ የበላ ሰው የአንጀቱ ስስ ሽፋን ይጎዳል አለኝ። በሽታው ከሌላም ሊመጣ ይችላል፣ እንዳይድን ያደረገው ግን ይኼ ነው አለ። ገና አሁን ነው ፊቷ የተመለሰው።

አንተ ሰው፣ ዘይት ሊጥ ነው እንዴ እርሾ የምታስቀምጥለት? ኒዕማ እንዳይደፋ ብለህ የልጅህን ሆድ ማጠራቀሚያ አደረግኸው።

ሙሀዲን ዘይቱ እንዳሳመማት ሲነግርህ ደግሞ፣ እናቷ ማጋነን ትወዳለች፣ እኔስ እበላው የለ ብለሃል አሉ። ትበላለህ። ሪሀና ነግራኛለች። ስታፈጥሩ ሁለቴ ጎርሰህ እንደምትነሳ፣ ከምድጃው ጀርባ ሆድህን ይዘህ እንደምትቀመጥ፣ ደም ማየቴን ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብለህ እንዳስማልካት ሁሉ። ልጅ ታስምላለህ፣ አታፍርም።

ስለዚህ እሷ አትመጣም፣ አንተ ትመጣለህ። ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ደሴ ይጠብቅሃል። ሙሀዲን የፊቱን ወንበር ይይዝልሃል፣ የኋላው ሆድ ያንገጫግጫል። እስከዚያ የላክሁልህን የገብስ ዱቄት አጥሚት እያደረግህ ጠጣ። ከቀረህ ግን ወላሂ በገበያው ቀን መጥቼ ያን የዘይት ድስት በሰው ፊት እደፋዋለሁ።

ሐኪሙ ምኑ ነሽ ሲለኝ ሚስቱ ነኝ ብዬዋለሁ። ፍቺውን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ሰልችቶኝ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

አላህ አፊያህን ይመልስልህ፣ ልብም ይስጥህ።

የሪሀና እናት
ከከሚሴ