የናስ ቁልፍ ያለው ነጭ ኮት

ለተከበሩት አባቴ፣ ለአቶ ባስቲያን
ቬሊም

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ዝናቡ አባራ ወይስ የምሥራቁ ክፍል ጣራ ዛሬም ያንጠባጥባል? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? ጎረቤት የላከላት ቅጠል ካልረዳት እባክዎ ማርጋዎ ከተማ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። እሷን ጠይቀው አይሆንም፤ ትኩሳት እያንቀጠቀጣትም «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባሕሩንም ለምጄዋለሁ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁምና ይህን ደብዳቤ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ሲያነቡ ወንድሜ ሮኬም አጠገብዎ ይቀመጥ፤ ነገሩ እሱንም ይነካል።

ባለፈው ደብዳቤዎ ሁለተኛውን ውል ፈርሜ በዚህ የመዝናኛ መርከብ ላይ እንድቆይ፣ ወንድሜንም እንዳስገባው ጽፈውልኛል። እውነት ነው፣ ከፈረምክ የበትለሮች አለቃ እናደርግሃለን ብለውኝ ነበር። እኔም የሆቴል ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ዓለምን በአንድ ዓመት ዞሬ የምጨርሳት መስሎኝ ነበር። ችኩል እንደሆንኩ ያውቃሉ። ዛሬም ቸኩያለሁ፤ የቸኮልኩት ግን ወደ ቤት ነው።

እርስዎ በመርከብ አሳላፊ ሳሉ የሚያስተናግዱት አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር። በትለር ማለት ግን የጥቂት ሀብታሞች የግል አሳላፊ ማለት ነው። ሻንጣቸውን የምፈታው እኔ ነኝ፤ የውስጥ ልብሳቸውን የማጣጥፈው እኔ ነኝ፤ የጫማቸውን ማሰሪያ በካውያ የምተኩሰውም እኔ ነኝ። አዎ፣ የጫማ ማሰሪያ! አንዷ ሴትዮ መጋረጃው ሥር ቆማ ደወል ትደውላለች፤ እየሮጥኩ ስደርስ «ክፈተው» ትለኛለች። አንዱ ሰውዬ ደግሞ አዲሱ ጫማው እንዳይጠብበው እኔ ተጫምቼ እንዳለሳልስለት ሰጠኝ። የእግራችን ልክ አንድ መሆኑን ሲያውቅ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ስሜን ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቀኝም።

የምሽቱ ልብስማ አይነሳ! በየክፍሉ ካርድ አስቀምጣለሁ፤ ለእራት ምን ተለብሶ እንደሚገባ የሚያዝ። ኮትና ቢራቢሮ ከረባት በታዘዘ ምሽት፣ ባንክ የሚያዙ ትልልቅ ወንዶች አገጫቸውን ሽቅብ ቀስረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊቱን እንደሚታጠብ ሕፃን ይቆሙልኛል፤ እኔ አንገታቸው ላይ አስራለሁ። ባሕሩ የተናወጠ እንደሆነ በዚያው ሐር ላይ ያስመልሳሉ። ሽቶና ትውከት ተቀላቅሎ ሲሸት አባዬ፣ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። እኔ በነጭ ጓንት እጠርጋለሁ። እነሱ ልብስ ለውጠው ይመለሱና ያለ ከረባት የገባ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የአጎት ካይታንን ምሽት ነው።

አጎት ካይታን የአሶልና መንደር ሰው ናቸው፤ እንደ እርስዎ ዕድሜያቸውን በመርከብ አሳላፊነት የጨረሱ። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ለኀምሳኛ ዓመት ጋብቻቸው ብላ እሳቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ ኤስፔራንስን እኔ በማገለግለው ክፍል አሳፍራ ላከቻቸው። ቦምቤይ በመንደሮቻችን መርከበኞች ማደሪያ ያውቁዎታል። «ባስቲያን? ያ ዓሣውን ለሰው አካፍሎ መረቁን በዳቦ የሚጠርገው?» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የመጀመሪያው ቀን በሻንጣቸው ተጓተትን። «ተው አንተ ልጅ! የሰው ሻንጣ ስሸከም ነው ያረጀሁት፤ የራሴንማ ለማን እሰጣለሁ?» አሉኝ። «አጎቴ፣ አለቃዬ ካየ ይቆጣኛል» ብላቸው «እንግዲያው በሩን ዝጋና ቁጭ በል፤ እኔ እፈታዋለሁ» አሉ። እትዬ ኤስፔራንስ ደግሞ «ሁለታችሁም እጃችሁን አንሱ፤ ውስጡ ያለው የኔ ቀሚስ ነው» ብለው ገላገሉን።

የጋብቻቸው ቀን ኮትና ቢራቢሮ ከረባት ከሚታዘዝበት ምሽት ጋር ገጠመ። ልጃቸው የገዛችውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ተኩሼ አልጋው ላይ ዘርግቼ ወጣሁ። ወደ እራት ልወስዳቸው ስመለስ ጥቁሩ እንደተዘረጋ ነው። አጎት ካይታን መስታወት ፊት ቆመዋል፤ የለበሱት የናስ ቁልፍ ያለውን ነጭ የአሳላፊ ኮት ነው። ናፍታሊን ይሸታል። ቁልፎቹ በርተዋል። በእናንተ ጊዜ ይህ ኮት ምን ማለት እንደነበር ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የእርስዎም ሳጥን ውስጥ አለ፤ የሠርጋችሁ ፎቶ ላይም አለ። «በመርከብ ላይ ከዚህ የበለጠ የክብር ልብስ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ካርዱ የሚለው ኮትና ቢራቢሮ ከረባት ነው፤ ሁለቱንም አድርገዋል። ምን ልበላቸው?

አዳራሹ በር ላይ ገና እንደደረስን አንዲት ባለ ዕንቁ ሴትዮ ካባዋን አውልቃ ክንዳቸው ላይ ጣለችው፤ ፊታቸውን እንኳ አላየችም። ከኋላዋ የመጣው ሰውዬ «ሁለት ጂን፣ በረዶ አብዛበት» አላቸው። አባዬ፣ ሄዱ! እኔ «አጎቴ!» እስክል ድረስ እግራቸው ወደ መጠጥ ቤቱ ይዟቸው ሄደ። ሁለቱን ብርጭቆ በትሪ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጥፈው፣ ቀጥ ብለው መጡ። ሰውዬው መጠጡን አነሳና ጀርባውን ሰጣቸው።

እትዬ ኤስፔራንስ በሐምራዊ ቀሚሳቸው በሩ ላይ ብቻቸውን ቆመው ነበር። «ካይታን፣ ኀምሳ ዓመት ወደብ ላይ ስጠብቅህ ኖሬ አንድ ቀን አብረን እንሂድ ብለህ አመጣኸኝ። ዛሬም ተረኛ ነህ?» አሏቸው። አጎት ካይታን ትሪውን የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። ትሪውንም ካባውንም ተቀበልኳቸው።

የአዳራሹ ኃላፊ ሚስተር ፔምበርተን ሲቆጣም ፈገግ የሚል ሰው ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንግዳህ የሠራተኛ ልብስ ለብሷል፤ ሌሎቹን ግራ እያጋባ ነው። ወይ ይለውጥ፣ ወይ እራታቸውን ክፍላቸው ውሰድላቸው» አለኝ። «ካርዱ ነጭ ኮት አይከለክልም» አልኩት። «አግኔሎ፣ አለቃ ልትሆን ነው፤ ዛሬ አትከራከረኝ» አለ፣ አሁንም ፈገግ ብሎ። እትዬ ኤስፔራንስ ሰምተውት ኖሮ በዚያ በቦምቤይ እንግሊዝኛቸው እንዲህ አሉት፦ «ያገባኝ ይህን ኮት ለብሶ ነው። ካወለቀው ከማላውቀው ሰው ጋር እራት አልበላም።»

እኔም ካባውን ፔምበርተን ክንድ ላይ አኖርኩና ሁለቱን ይዤ ገባሁ። በሰው ፊት መጮኽ አይችልም፤ እዚያ ቤት ከትውከት ይልቅ ጩኸት ነውር ነው። ጠረጴዛቸው ድረስ ወስጄ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ እራቱ እስኪያልቅም ከአጠገባቸው አልራቅሁም። ያ የጂኑ ሰውዬ ወዲያ ማዶ ሆኖ «አሳላፊው ተቀምጧል እኮ!» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። አንገቱ ላይ ያለውን ከረባት ያሰርኩለት እኔ ነበርኩ፤ እጄን ጠላሁት።

አጎት ካይታን ምግብ በመጣ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። እትዬ ኤስፔራንስ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ተጭነው «ቁጭ በል» ይሏቸዋል። እንዲህ እየተነሱና እየተጫኑ እራቱን ጨረሱት።

በማግስቱ ፔምበርተን አለቅነቱ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገረኝ፤ ከፈረምኩ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቦታ አለልኝ። አልፈርምም አልኩት። ይቆጡኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አሁን ይህን ውል ብፈርም ሮኬን ለእነዚያ ሰዎች እግር አሳልፌ የሰጠሁ ያህል ነው። አባዬ፣ እለምንዎታለሁ፣ አይላኩት። ከመንገዱ ዳር ባለው የጃክ ፍሬ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን የዓሣ ወጥና ሩዝ እንሸጣለን፤ በነጠላ ጫማም በባዶ እግርም የመጣ ይገባል። አይሳቁ፣ ዲግሪዬ ለዚህም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ቤታችን ሁላችንም እስክንጠግብ እርስዎ ከኋላችን ይቆማሉ። ሩዝ ይጨምሩልናል፣ ውሃ ይቀዱልናል፣ መጨረሻ ላይ መረቁን በዳቦ ይጠርጋሉ። ጠባይዎ መስሎን ነበር። ስለ ወደቦቹ፣ ስለ ዓሣ ነባሪው፣ ስለ ማዕበሉ ስንት ጊዜ አወሩን፤ ጂን አምጣ ብለው ጀርባቸውን ስለሰጡዎት ሰዎች ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። ይንገሩኝ አልልዎትም።

ከገና በፊት እገባለሁ። በበዓሉ ዕለት ነጩን ኮት ከሳጥኑ አውጥተው ይልበሱልኝ። የጠረጴዛው ራስ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ የማቀርበው እኔ ነኝ። ማንም ውሃ ቢጠይቅ፣ ማንኪያ ቢወድቅ፣ ጳጳሱ ራሳቸው በር ቢያንኳኩ አይነሱም።

እህቴን ፔርፔቱዋንና ባሏን ሰላም በሉልኝ፤ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ዳቦ ጋጋሪውን ሚንጌልን የእሱን ዳቦ የሚያህል በየትኛውም ወደብ አላገኘሁም በሉት። ሮኬ እንዳያኮርፍ፤ አጎት ካይታን ከመርከብ ሲወርዱ የሰጡኝን የመርከበኛ ቢላ ይዤለት እመጣለሁ። እማዬን እጇን ሳሙልኝ። የገና ዕለት ወጥ ቤት እንዳትገባ፤ ከጎንዎ ትቀመጥ፤ ሊነሱ ሲሉ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበትዎን ትጫንልኝ።

ልጅዎ አግኔሎ
ኔፕልስ ወደብ፣ ከመርከብ ላይ
ኦክቶበር 19 ቀን 2017