ሙቀት የማይወደው ፕሮቲን

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ቫይረሱ ተባዝቶ አገኘሁት። መባዛት አልነበረበትም! ባክቴሪያ የሚያጠቃው ይህ ቫይረስ ዲኤንኤውን የሚቀዳበት ፕሮቲን ሙቀት ሲበዛበት ሥራ ያቆማል። ኢንኩቤተሩን አሙቄ ያሳደርኩትም ቫይረሱ ያለዚያ ፕሮቲን መባዛት እንደማይችል ለማሳየት ነበር። ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው ልክ ነው። ባክቴሪያውንና ቫይረሱን አብሬ ያስቀመጥኩበት ሳህን ላይ ግን ባክቴሪያው ያለቀባቸው ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ሞልተዋል።

የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ አይተው፣ «ያለ ፕሮቲኑም ይባዛል ማለት ነው። ሌላ ርዕስ ፈልጊ» አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቁስቋም ሰፈር ቤታችን ስደርስ እናቴም አኩርፋለች። ጉልበቷ ስለማይችል የቁስቋምን ዓመታዊ በዓል ማኅሌት የምትሰማው በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከአልጋዋ ሆና ነው። «ሌሊት መብራት ሄደና ድምፅ ማጉያው ዝም አለብኝ። የመጣው ሊነጋ ሲል ነው» አለችኝ።

ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ለላቦራቶሪው ዘበኛ ደወልኩ። እዚያም ጠፍቶ ነበር። ለካ ኢንኩቤተሩ ሲቀዘቅዝ ፕሮቲኑ ሥራውን ጀምሯል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሙቀቱ ተመልሶ አታሎኛል። ጎንደር ተወልጄ መብራት ማመኔ!

ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ነገ ቀን ላይ እደግመዋለሁ፤ አንዱን ሳህን አሙቄ፣ አንዱን ሳላሞቅ። ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም።

እናቴን፣ «ታዲያ ማኅሌቱ ተቋረጠ?» አልኳት።

«ምን ሲባል! ጧፍ አብርተው ጨረሱት አሉ። ያልሰማሁት እኔ ነኝ እንጂ።»

ርዕሴን አልቀይርም።